ጓሮ ለሌለው ሰው የጎመንና የቆስጣ አበቃቀል፦ ከአፈሩ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው ቤቱ ጎመን ለማብቀል ይነሳና በሁለተኛው ወር ይተወዋል። ዘሩ አልበቀለም፣ ወይ በቅሎ ገረጣ፣ ወይ አፈሩ እንደ ጡብ ደረቀ። ከዚያ "የኔ እጅ አትክልት አያበቅልም" ይባላል። እጃችሁ ምንም አልሆነም። ከዘሩ ስለጀመራችሁ ነው። አፈሩ ካልተሰናዳ ጥሩ ዘርም ሆነ ብዙ ውሃ አያድነውም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ኮንዶሚኒየም በረንዳ ወይም ጠባብ ግቢ ላላቸው፣ በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋና ወይና ደጋ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ኮምፖስቱን (ከቅጠልና ከልጣጭ የሚበሰብሰውን ማዳበሪያ) ራሳችሁ ካዘጋጃችሁ፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጀመሪያው የጎመን ቅጠል 6 ወር ገደማ ይፈጃል። ለመጠበቅ ትዕግሥት ካጣችሁ የበሰለ ኮምፖስት ከችግኝ ሻጮች ገዝታችሁ ከደረጃ 1 በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 እለፉ። ግን ደረጃ 2ን ጎን ለጎን አስኪዱት፤ የሚቀጥለው ዙር ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ጫማና ጓንት

"በባዶ እግር አፈር መርገጥ ጤና ነው" የሚል ምክር አሁን አሁን በብዛት ይሰማል። በእኛ አገር ይህን ምክር አትከተሉ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ከትንኝ የማይመጣውን የዝሆኔ በሽታ ያመጣል። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ገብተው የሚያስከትሉት እብጠት ነው። የመንጠቆ ትልም በባዶ እግር በኩል ይገባል። ስለዚህ፦

- ሽፍን ጫማ አድርጉ። ስትጨርሱ እግርና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
- እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት አፈር አትንኩ። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት መቼ እንደተከተባችሁ ካላስታወሳችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።
- ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ድመት የሚጸዳዳበትን አፈር ያለ ጓንት አትንካ። ቢቻል ያን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራላት።

ደረጃ 1፦ ፀሐዩን ቁጠሩ

ጎመንና ቆስጣ በቀን ቢያንስ 5 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ብርሃን ያለበት ቦታ ሁሉ ፀሐይ ያገኛል ማለት ስላልሆነ አንድ ቀን ቤት ስትውሉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ፀሐዩ የት እንዳረፈ ጻፉ።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የሚያልፈው። በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ያልፋል። ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ በበጋ ጥላ ይሆናል፤ ወደ ደቡብ የሚያየው ደግሞ በበጋ ፀሐይ ይጠግባል። ግንቦት ላይ "እዚህ ፀሐይ አለ" ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ዕቃ ኅዳር ላይ ጨለማ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ዓመቱን ሙሉ ግማሽ ቀን ያገኛል።

ፀሐዩ ከ5 ሰዓት በታች ከሆነ፦ 3 ወይም 4 ሰዓት ካገኛችሁ ሰላጣና ናና ትከሉ። ከዚያ በታች ከሆነ ቦታ ቀይሩ። ጣሪያ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ቦታ ካለ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ።

ደረጃ 2፦ ኮምፖስት አዘጋጁ

ዋናው ሥራ እዚህ ስላለ ሳትቸኩሉ አንብቡት።

*ዕቃው።* ክዳን ያለው የ50 ሊትር ባልዲ ወይም በርሜል ይበቃል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ታገኛላችሁ። የምግብ ዘይት ወይም ዱቄት የነበረበትን ምረጡ፤ ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበትን አትግዙ። ታቹንና ጎኑን በጋለ ብረት ብሱ፤ የጣት ውፍረት ያላቸው 20 ያህል ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ። ስትበሱ ጭሱን አትማጉ፤ ደጅ ሆናችሁ ሥሩ። ዕቃውን በሁለት ጡብ ላይ አስቀምጡት፤ ከሥር አየር ይግባ።

*የሚገባው።* ሁለት ዓይነት ነገር ያስፈልጋል።

ደረቅ፦ የደረቀ ቅጠል፣ ጭድ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የደረቀ ሣር። ለበዓልና ለቡና የተጎዘጎዘው ቄጠማ ሲደርቅ በጣም ጥሩ ነው። አትጣሉት፤ ቆራርጣችሁ በጆንያ አስቀምጡት።

እርጥብ፦ የድንች፣ የካሮትና የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን አንጓ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት።

*የማይገባው።* ሥጋና አጥንት፣ ወጥ፣ ዘይት የነካው ነገር፣ እንጀራ፣ የውሻና የድመት ኩስ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የታመመ ተክል፣ ዘር የያዘ አረም። እንጀራ በራሱ ይበሰብሳል፤ ግን አይጥ ይጠራል። ዘር የያዘ አረም የተከለከለው ትንሽ ክምር በደንብ ስለማይሞቅ ነው። የአረሙ ዘር ሳይሞት ይቀርና ጎመናችሁ ውስጥ ይበቅላል።

*ቅደም ተከተሉ፦*

1. ከታች ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው እንጨት ቆራርጣችሁ አንጥፉ።
2. ሦስት እፍኝ ደረቅ ጨምሩ።
3. አንድ እፍኝ እርጥብ ጨምሩ። ሁሉንም ቆራርጡት፤ ሲያንስ ቶሎ ይበሰብሳል።
4. አንድ እፍኝ የጓሮ አፈር በትኑ። የሚያበሰብሱት ደቃቅ ሕይወቶች ያሉት እሱ ውስጥ ነው።
5. ከላይ ሁልጊዜ በደረቅ ጨርሱ። እርጥቡ ገላጣ ከታየ ዝንብ መጣ ማለት ነው።
6. በየሳምንቱ አንድ ቀን እስከ ታች ድረስ በዱላ አገላብጡ።
7. ዕቃው ሲሞላ መጨመር አቁሙ። ሌላ ዕቃ ጀምሩ።

ሰባተኛውን ብዙ ሰው አያከብረውም። በየቀኑ ትኩስ ልጣጭ የሚጨመርበት ባልዲ መቼም አይበስልም።

*እርጥበቱን በእጅ ለኩ።* አንድ እፍኝ አንሱና ጭመቁ። አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል። ምንም ካልወጣና ሲለቁት ከተበተነ ደርቋል።

ሲበላሽ፦

- *ከሸተተ፦* እርጥቡ በዝቷል ወይም አየር የለውም። ካርቶንና ጭድ ጨምራችሁ አገላብጡት። በ3 ቀን ውስጥ ሽታው ይጠፋል።
- *ወር አልፎት ምንም ካልተለወጠ፦* ደርቋል ወይም እርጥብ ነገር አንሶታል። ውሃ ረጭ አድርጉና የቡና አተላ ወይም ትንሽ እበት ጨምሩ።
- *ጉንዳን ከወረረው፦* በጣም ደርቋል። አርጥባችሁ አገላብጡት።
- *አይጥ ከመጣ፦* የበሰለ ምግብ ገብቷል። ምግቡን አውጡ፣ ክዳኑን አጥብቁ።
- *ወፍራም ነጭ ትል ካያችሁ፦* እዚያው ይሥራ፤ ለኮምፖስቱ ጠቃሚ ነው። ወደ ተክሉ ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ልቀሙት፤ ሥር የሚበላ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

*መድረሱን እንዴት ታውቃላችሁ?* በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል። ጠቆር ይላል፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፣ የድንች ልጣጭና የቡና አተላው አይለይም። ዓይንና አፍንጫ ግን ያታልላሉ። በፌጦ ፈትኑት። በአንድ ስኒ ኮምፖስት፣ በሌላ ስኒ ተራ አፈር አድርጉ። በሁለቱም 10፣ 10 የፌጦ ፍሬ በትናችሁ አርጥቡ። ፌጦ በጥቂት ቀን ይበቅላል። ከኮምፖስቱ ላይ ከአፈሩ እኩል ከበቀለ ደርሷል። ካልበቀለ ወይም ቢጫ ሆኖ ከወጣ ገና ነው፤ ሌላ 3 ሳምንት ጠብቁ። ያልበሰለ ኮምፖስት ችግኝ ይገድላል። "አትክልቴ ያለ ምክንያት ደረቀ" ከሚሉት አብዛኞቹ እዚህ ጋ ነው የተሸወዱት ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 3፦ አፈሩን ቀላቅሉ

*አፈሩን ከየት ታመጣላችሁ?* ከመንገድ ዳር፣ ከጋራዥ አጠገብ፣ ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ቦታ፣ ከግንባታ ፍርስራሽ አታምጡ። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረትና የሞተር ዘይት በዓይን አይታዩም፤ በቅጠሉ በኩል ወደ ሳህናችሁ ይመጣሉ። እንጦጦ ወጥቶ የጫካ አፈር መዛቅም ይቅር። ጫካው ያንን አፈር ለመሥራት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ከችግኝ ሻጮች ቀይ አፈር ግዙ፣ ወይም መሠረት ያልተቆፈረበት ግቢ ያለው ዘመድ ጠይቁ።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ቤታችሁ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ የአሮጌ ቀለም እርሳስ ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ውስጥ ሊኖር ይችላል። አፈሩን ሳታስመረምሩ ከግድግዳው ሥር አትትከሉ፤ በተገዛ አፈር በዕቃ አብቅሉ።

*አፈሩን እወቁት።* ትንሽ አርጥባችሁ በመዳፋችሁ አድቦልቡሉትና እንደ ቀለበት እጠፉት። ሳይሰነጠቅ ቀለበት ከሆነ ሸክላ በዝቶበታል። ከፈራረሰ አሸዋ በዝቶበታል። በመጠኑ ከተሰነጠቀ ደህና ነው።

*ልኬቱ፦*

- ለቀይ አፈር፦ 2 አካፋ አፈር፣ 1 አካፋ ኮምፖስት፣ 1 አካፋ የወንዝ አሸዋ።
- ለጥቁር ዋልካ፦ 1 አካፋ አፈር፣ 1 አካፋ አሸዋ፣ 1 አካፋ ተኩል ኮምፖስት። ዋልካው ላይ ትንሽ አሸዋ ጣል ማድረግ ብቻውን አይጠቅምም፤ ጭራሽ ያጠጥረዋል። የሚያላላው ኮምፖስቱ ነው።
- አሸዋማ ለሆነ አፈር፦ አሸዋ አትጨምሩ። አፈርና ኮምፖስት እኩል።

ቀላቅላችሁ አርጥቡትና ለ10 ቀን ተዉት። በዚያ ጊዜ አረሙ ይበቅላል፤ ያኔ መንቀል ቀላል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ትኩስ እበትና የዶሮ ኩስ በቀጥታ አትቀላቅሉ። ሥሩን ያቃጥላል፣ የሆድ በሽታም ያመጣል። ያልበሰለ ፍግ ከገባ፣ ከገባበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 4 ወር እስኪሞላው ድረስ ከዚያ አፈር ጥሬ ሰላጣ አትብሉ። ዩሪያ "በቁንጥር" መጨመርም ለጠባብ ዕቃ አደገኛ ነው፤ ኮምፖስት ካለ አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን አዘጋጁ

ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይሻላል። አጋድማችሁ አንዱን ጎን በቢላ ክፈቱት፣ በታች 8 ቀዳዳ አብጁለት። ውሃ ከጠጣ አፈር ጋር እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ ጀሪካን 2 ጎመን፣ ወይም 3 ቆስጣ፣ ወይም 5 ሰላጣ ይገባል። ከዚያ በላይ አታጨናንቁ።

መሬት ላይ ከሆናችሁ ባለ 50 ኪሎ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም ጆንያ ተጠቀሙ።

1. ጠርዙን ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ እጠፉ፤ እንዳይወድቅ ይይዘዋል።
2. ታቹና ክዳኑ የተቆረጠ ትልቅ ጣሳ መሃል ላይ አቁሙ። ውስጡን በጠጠር ሙሉት፤ ዙሪያውን በአፈር።
3. ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡት። ጠጠሩ እንዳለ ይቀራል።
4. እንደገና ጠጠር፣ እንደገና አፈር፣ እንደገና ሳቡ። እስከ ላይ እንዲህ ቀጥሉ።
5. በጎኑ በስንዝር ርቀት ትንንሽ ቀዳዳ ክፈቱ። ሰላጣና ቆስጣ በጎን፣ ጎመን ከላይ ይተከላል።

የጠጠሩ ምሰሶ ውሃውን እስከ ታች ያደርሳል። እሱን የዘለለ ሰው ላዩ ጭቃ፣ ታቹ ደረቅ ይሆንበታል። የረጠበ ሙሉ ጆንያ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ በረንዳ ላይ አትደርድሩት። ከተቀመጠ በኋላም አይነሳም፤ ቦታውን አስቀድማችሁ ወስኑ። ፀሐይ የመታው የማዳበሪያ ከረጢት እየተሰባበረ ወደ አፈሩ ይገባል። መቦርቀቅ ሲጀምር ለውጡት።

ደረጃ 5፦ ዘርና ችግኝ

የሐበሻ ጎመን ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ለደጋው የተፈጠረ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ደጋግሞ ይቆረጣል።

አሮጌ ዘር ያስቸግራል። አስቀድማችሁ 10 ፍሬ በረጠበ ሶፍት ጠቅልላችሁ በፌስታል አስቀምጡ። በ7 ቀን ከ6 በታች ከበቀለ ሌላ ዘር ፈልጉ።

ችግኝ በእንቁላል ካርቶን ላይ አፍሉ። የጎመን ዘር ጥልቀት 1 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። የሰላጣ ዘር ብርሃን ስለሚፈልግ ከላይ በትናችሁ ጫን ብቻ አድርጉት። የቆስጣ ዘር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። አንዱ ፍሬ ሁለት ሦስት ቡቃያ ያወጣል፤ ጠንካራውን ትታችሁ ሌላውን በመቀስ ቁረጡ። አትንቀሉት፤ የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል።

ምርጥ ጊዜው ነሐሴ ላይ ከጥላ ሥር አፍልቶ መስከረም ላይ ማዛወር ነው። የሐምሌ ዝናብና በረዶ ለጋ ችግኝ ይመታል።

- *ቀጥኖ ረዝሞ ከተጋደመ፦* ብርሃን አንሶታል። ወደ ፀሐይ አውጡት።
- *ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በስብሶ ከወደቀ፦* ውሃ በዝቷል። የወደቁትን አስወግዱ፣ ላዩ እስኪደርቅ ውሃ አታጠጡ።

ደረጃ 6፦ ማዛወር

4 ወይም 5 ቅጠል ሲያወጣ፣ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ አዛውሩት። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ሥሩ። ችግኙን ከማዛወራችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አጠጡት። ከነአፈሩ አንሱት፣ እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ቅበሩት፣ ዙሪያውን ጫን ጫን አድርጉና አጠጡ። መሬት ላይ ከሆነ በጎመንና በጎመን መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ለ3 ቀን በካርቶን ጥላ ሥሩለት። በማግሥቱ ቢጠወልግ አትደንግጡ፤ ማታ ቀና ካለ ይዟል።

ደረጃ 7፦ ውሃና ጉዝጓዝ

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ክተቱ። ከደረቀ አጠጡ፤ ከረጠበ ተዉት። "በየቀኑ አጠጣለሁ" የሚለው ልማድ ብዙ ተክል ገድሏል። በጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ከሆነ የምስርና የሩዝ እጣቢ ያገለግላል፤ ጨው ካልገባበት። የልብስና የዕቃ እጣቢ አይሆንም። የከተማ ወንዝ ውሃ፣ በተለይ የአቃቂ ወንዝ፣ ለሚበላ ቅጠል አትጠቀሙ። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የሚገባበት ስለሆነ ከባድ ብረቶች ይዟል፤ ማፍላትም አያወጣቸውም።

አፈሩን ራቁቱን አትተዉት። ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ጭድ ወይም ደረቅ ቄጠማ ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አያስነኩት። በየወሩ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት እፍኝ ኮምፖስት ጨምሩ።

ደረጃ 8፦ ሲታመም

*ታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ፦* ርቦታል። ኮምፖስት ጨምሩ። አፈሩ ጨቅይቶ ሁሉም ቅጠል ከገረጣ ግን ሥሩ ታፍኗል፤ ቀዳዳዎቹን ክፈቱ።

*ክሽክሽ፦* ደቃቅ ተባይ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ግራጫ ሆኖ ይሰበሰባል። በመጀመሪያው ሳምንት ካገኛችሁት በጣት ጨፍልቁት ወይም በውሃ ግፊት እጠቡት። ከባሰ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ከቅጠሉ ሥር ርጩ፣ ጠዋት በንጹህ ውሃ አጥቡ። በ4 ቀን ድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አይሆንም።

*ጠዋት ችግኙ ከሥሩ ተቆርጦ ከተገኘ፦* ቆራጭ ትል ነው። ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጉ፤ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ለቀሩት ችግኞች ከውሃ ፕላስቲክ ቀለበት ቆርጣችሁ ዙሪያቸውን ትከሉ።

*ቀንድ አውጣ፦* ማታ በባትሪ ልቀሙ። ደረቅ አመድ በቀጭኑ መበተን ይረዳል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ሥራው ያበቃል፣ ሲበዛም አፈሩን ይጎዳል።

*ውርጭ፦* ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ንፋሱ ጸጥ ካለ ማታ በአሮጌ ነጠላ ወይም በጆንያ ሸፍኑ። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጡ።

ደረጃ 9፦ መቁረጥና መብላት

ከተዛወረ ከ5 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ከታች ጀምራችሁ ከአንድ ተክል ሁለት ቅጠል ብቻ ቁረጡ። ላይ ቢያንስ 5 ቅጠል ይቅር። እምቡጡን ከቆረጣችሁት እድገቱ ይስተጓጎላል።

ጎመኑን ከመክተፋችሁ በፊት እጠቡት። ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ጥቅሙን ከውሃው ጋር መድፋት ነው። በትንሽ ውሃ ቀቅሉ፣ ውሃውን እዚያው ይምጠጠው። ሲወጣ ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት፤ ከጎመኑ የሚገኘውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይህንኑ ስለሚከለክሉ ከምግቡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቤት ካለ ጎመኑ በድንገት አይብዛበት፤ ሐኪሙን ያማክር።

በየ3 ሳምንቱ ጥቂት ችግኝ አፍሉ። አንድ ላይ ተክሎ አንድ ላይ የጨረሰ ሰው ለሁለት ወር ባዶ ዕቃ ያያል።

ለሚቀጥለው ዓመት ዘር

ከሐበሻ ጎመኑ በጣም ጠንካራውን አንድ ተክል አትቁረጡት። ቢጫ ያብብ፣ ፍሬ ይቋጥር። ቋጠሮው የገለባ መልክ ሲይዝ ሳይፈነዳ በጠዋት ቁረጡትና በወረቀት ከረጢት ውስጥ ጥላ ላይ ስቀሉት። ሲደርቅ አሽታችሁ አበጥሩ። ቆስጣ በመጀመሪያው ዓመት እምብዛም ስለማያብብ ዘሩን ግዙ፤ ዲቃላ ከሆነ የተገዛ ዘር የሚለቀመው ፍሬም እናቱን አይመስልም። ዘሩን በፌስታል አታፍኑት። በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት ጽፋችሁ፣ ከምድጃ ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።